ማይክሮፎን ፊት የለውም

ማክሰኞ ይመስለኛል። ረቡዕም ሊሆን ይችላል። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት «ሰኮሩ፤ ማሲንቆና ድምፅ፤ ዝናብ የለም» ብቻ ነው። ዝናቡን መዝግቦ ቀኑን የሚረሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ስለዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ የተዛባ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሥራዬ ቀረጻ ነው። ያኔ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎን አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ባለ አራት መስመር የካሴት መቅጃ ነበረኝ። ድምፁ ለየብቻ ይቀዳል፤ ከዚያ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ ማዋሃድ ነው። ከወጥ ሥራ ብዙም አይለይም። ጨው ሲበዛም እንደዚያው ነው፤ ማውጣት የለም።

አንድ ቀን ጋሽ ይርጋ መጡ። ሰኮሩ ጠጅ ቤት ማሲንቆ የሚጫወቱ አዝማሪ ናቸው። አጋሮ ላሉት ወንድማቸው፣ ለጋሽ ሰይፉ፣ የሚላክ ካሴት ፈለጉ። ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ምን አኳረፋቸው? ሠርግ። ጋሽ ሰይፉ ልጃቸውን ሲድሩ ጋሽ ይርጋ ዳሱን እየዞሩ ሲያወድሱ ቆዩና ወንድማቸው ፊት ደረሱ። አዝማሪ ፊትህ ቆሞ በስምህ ሲያወድስህ ምን ታደርጋለህ? ትስቃለህ፤ ግጥም ትሰጠዋለህ፤ ምንም ባይሆን ቀና ትላለህ። ጋሽ ሰይፉ ቀና አላሉም። ጥብሳቸውን ይበላሉ። ጋሽ ይርጋ ደገሙላቸው። ጥብሱም ቀጠለ። ዳሱ በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኳል። ጋሽ ሰይፉ ሽማግሌዎቹን ቡና ጋብዘው፣ ዝም ብለው ሲያዩአቸው ቆይተው ሸኟቸው አሉ። ጋሽ ይርጋ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ለሽማግሌ ያልመለሰ ለማሲንቆ ይመልስ እንደሆነ ልሞክር» አሉኝ። «ይህንንም ከናቀ ወንድም የለኝም። ቀብሬ ላይ እንዳይቆም ለልጆቼ ተናግሬ ነው የምሞተው።»

እንግዲህ እኔን አስቡኝ። ማይክሮፎን የት ላስቀምጥ ብዬ ግማሽ ቀን የማስብ ሰው ነኝ፤ አሁን ደግሞ ቀብር ተጨመረበት።

ሰኮሩ ወረድኩ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ጀርባ ነው። የጭነት መኪና ፍሬን ሲይዝ ግድግዳው ያቃስታል። እንዳይጮህ አውራ ዶሮው ላይ ቅርጫት ደፋንበት። የማሲንቆው ቆዳ በሌሊቱ እርጥበት ላልቶ ነበርና ጋሽ ይርጋ ከሰል ላይ አሞቁት፤ ድምፁ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ወረደ። ቃናው ስለሚለያይ ከዚያ በፊት የሚቀዳውን ከዚያ በኋላ ከሚቀዳው ጋር መቀጠል አይቻልም ማለት ነው።

ከዚያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ አሰመርኩና ከዚህ እንዳይወጡ አልኳቸው። ተቀመጡ። አንዴ ገዘገዙና አቆሙ። ማንን ነው የማየው አሉኝ። አንዱ ማይክሮፎን ለማሲንቆው ነው፤ ለድምፅ የቆመውን አሳየኋቸው። ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ፊት የለውም።»

እንደገና ሞከሩ። አሁን ደግሞ ተነሥተው ልታይ በር ላይ ወደቆመች ጎረቤታቸው እየተጫወቱ ሄዱ፤ ድምፃቸውም አብሯቸው ሄደ። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው። ሰው ፊት ቆሞ የኖረን አዝማሪ በጠመኔ አጥሬ ለብረት ዝፈን አልኩት። በመጨረሻ መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ከማይክሮፎኑ ኋላ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ዛሬ ሰይፉ አንተ ነህ፤ እሱ ቀና አላለም፣ አንተም ቀና እንዳትል አሉኝ።

ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አቀረቀርኩ።

«ዳስ ሙሉ ሰው ሲኖር በስሜ የሚያነሳኝ፣
የእናቴ ልጅ ብቻ ምነው ፊት የነሳኝ።»

እውነቱን ልናገር፣ መቅጃውን ማየት ረሳሁ። ሳላስበው ቀና አልኩ። ጋሽ ይርጋ ማሲንቆውን ሳያቋርጡ፣ «ቀና አትበል አላልኩህም?» አሉኝ። ካሴቱ ላይ ገብቷል።

ልቁረጠው ወይስ ልተወው? ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ቆረጥኩት። ሌላ ሁለት ቀን ማሲንቆውንና ድምፁን ሳመዛዝን ሰነበትኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የተተረተው ለሐሜት ነው፤ የራሱን ቀረጻ አሥር ጊዜ የሰማ ሰው ግን ለእኔ ነው የተተረተው ይላል።

ካሴቱን ለሚኒባስ ረዳት አላመንኩም፤ ራሴ አጋሮ ይዤው ሄድኩ። ጋሽ ሰይፉ በሚሠሩበት የቡና መፈልፈያ ማሽኑ ላይ ነበሩ። እዚያ ቤት ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሰዉ ሁሉ የሚነጋገረው በእጅ ነው። ካሴቱን ሰጠኋቸው። ልባሱ ላይ «ለወንድሜ ለሰይፉ፤ ከይርጋ» ብዬ ጽፌ ነበር። አነበቡት። መዳፋቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ አጠፉትና ወደ ቤት ሄድን።

ሚስታቸው እትዬ ጫልቱ ቴፑን ከፈቱት። ጋሽ ሰይፉ መዳፋቸውን ቴፑ ላይ አሳረፉ። የሚያዩት ግን ቴፑን አይደለም፣ ሚስታቸውን ነው። ግጥሙ ጋ ሲደርስ እትዬ ጫልቱ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ካሴቱ አለቀ። ድምፁ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ ሰይፉ ወደ ሚስታቸው ዞረው «ይርጋ እሁድ ይምጣ በይው» አሉ።

ጋሽ ይርጋ እሁድ ሄዱ፤ ታረቁ። በማግስቱ ጋሽ ይርጋን ወንድምዎ ስለ ቀረጻው ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ደርሶታል» አሉኝ። አንድ ማሰሮ ማርም ሰጡኝ። እኔም ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወንድማማች ያስታረቅኩ ድምፅ ቀራጭ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ማሲንቆውን ከድምፁ ትንሽ ዝቅ ማድረጌ ነው ልባቸውን ያራራው እያልኩ አብራራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ይህን ልጽፍ ስል ላረጋግጥ አጋሮ ሄድኩ። ጋሽ ሰይፉ ጡረታ ወጥተዋል። ደስ ያሰኛቸው ማሲንቆው ነው ወይስ ድምፁ ብዬ እትዬ ጫልቱን ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ ያየው የእኔን እንባ ነው። ጆሮውን እኮ ማሽኑ በልቶታል።»

ጋሽ ሰይፉ ለማንም እንዳይናገሩ አስምለዋቸው ነበር። ማሽን ሲታመም በጆሮ ነው የሚታወቀው፤ የማይሰማ ሠራተኛ ማን ያቆየዋል? ጋሽ ይርጋስ ያውቃሉ አልኳቸው።

«ኤዬ፣ አዎ፣ ያን እሁድ ነው ያወቀው። ልጁ ብዙ ደክሟል፣ እንዳትነግሩት ብሎን ነው ያልነገርንህ።»

መስማት ያቆሙት ከሠርጉ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብዬ ጠየቅኩ። በፊት ነው አሉኝ፤ ከሣጥን የጋሽ ሰይፉ ጆሮ የታየበትን የጤና ጣቢያ ካርድና የሠርጉን መጥሪያ አወጡልኝ። የካርዱን ቀን ከመጥሪያው ጋር አስተያየሁት። ካርዱ ሰባት ወር ይቀድማል።