ሰማያዊው ድንጋይና አባ ይታረም

ሰው ደስ ባለው ቁጥር ደስታውን የሚያርም ባልደረባ የሌለበት መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም። በአንድ የጠፈር ምርምር ተቋም የፎቶ ክፍል ይህን ማዕረግ የያዙት «አባ ይታረም» የሚባሉ አንጋፋ የካሜራ ባለሙያ ናቸው። ክቡርነታቸው የእንኳን ደስ አለህ ካርድ ሲዞር ፊደል አርመው ይመልሱታል እንጂ አይፈርሙበትም። የታመመ ሊጠይቁ ሄደው፣ «ትንሽ አመመኝ» ላላቸው ሰው «ትንሽስ አይደለም፣ ብዙ ነው» ብለውት ተመልሰዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠሉት ግን የክፍሉን ፎቶ አቀናባሪ ነው፤ የምታሳያቸውን ምስል ሁሉ «ይታረም» ብለው ይመልሱባታል። የተቋሙ የጠፈር መንኮራኩር አስትሮይድ በሚሉት አንድ የጠፈር ድንጋይ አጠገብ ስታልፍ ያነሳቻቸው ምስሎች ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ መስታወት ተራ በተራ የተነሱ። አቀናባሪዋ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች ቀለም ታወጣላቸዋለች። ዓይኗ እስኪደክም ስትደርብ ከርማ፣ ድንጋዩ ላይ ባለ አንድ ጉድጓድ ጠርዝ ከሌላው የተለየ ቦታ ብቅ አለላት። በሙያው ቋንቋ ይህን «ሰማያዊ» ይሉታል። ከጎረቤቱ ቅላቱ ያነሰ ግራጫ ማለት ነው፤ ሌላ አይደለም።

አለቅየው ቃሉን ብቻ ሰምተው ጋዜጠኛ ጠሩ። አቀናባሪዋንም ቀለሙን ትንሽ ሳብ፣ ማለትም ደመቅ፣ እንድታደርገው አዘዟት። የሥራ ውሏ ሊያልቅ ነው፤ ሳበችው። ድንጋዩ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ሰማያዊ ሆኖ አረፈው።

በመግለጫው መሀል አባ ይታረም እጃቸውን አወጡ። አቀናባሪዋ ወንበሯ ውስጥ ሰመጠች።

«ሰማያዊ ስንል ግራጫ ማለታችን ነው» አሉ፣ ረጋ ብለው።

አዳራሹ ሳቀ። አለቅየው አልሳቁም። ብዙም ሳይቆይ አባ ይታረም በጭብጨባ ወደ ጡረታ ተሸኙ፤ በስንብቱ ንግግር የተጠቀሰውን የአገልግሎት ዘመናቸውን እንኳ አርመው ነው የወጡት።

የአቀናባሪዋ ውል ታደሰ። እፎይ አለች። ከዚያ ወዲህ የሠራችው ሁሉ ገና ሳይከፈት «አንደኛ ነው» ይባልላት ጀመር። አንድ ቀን ሆን ብላ ምስሎቹን አዛንፋ ደርባ አሳየች። «አንደኛ ነው» አሉ አለቅየው።

ያን ዕለት ቀለሙ ያልተሳበውን፣ ግራጫውን ምስል አትማ አባ ይታረም ቤት ሄደች። ባለቤታቸው አስገቧት። እሳቸው ምስሉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

«እዚህ ጥጉ ላይ ጨልሞብሻል፣ ልጄ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደሟ ይፈላ ነበር። ወንበር አምጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«የቱ ጋ፣ ጋሼ?» አለች።