ከማሽን ጋር የተከራከሩት ፀጉር አስተካካይ

የትም ሂዱ፣ በየቤቱ አንድ የማይታመም ሽማግሌ አይጠፋም። እኛ ቤት ያሉት ባለቤቴ ናቸው፤ ክቡር «ምንም አልሆንኩም»።

ብርጭቆ ከእጃቸው ሲወድቅ ብርጭቆው ያዳልጣል። የሸሚዝ ቁልፍ እምቢ ሲላቸው ሸሚዙ ታጥቦ ጠቧል። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር ሲያስተካክሉ ኖረው ሰሞኑን መቀሱ ሲያመልጣቸው፣ ጥፋቱ የደንበኛው ነው፤ ጭንቅላቱን አንቀሳቅሷል። የአንዱን ጆሮ ጫፍ በመቀሱ ሲነኩ ግን ማመኻኛ አለቀባቸው፤ ሐኪም ቤት ሄድን።

የነርቭ ሐኪሟ እጃቸውን አገላብጣ አየች። «ነርቩ ሞቶ ከሆነ መቀሱን ማስቀመጥዎ ነው። በኤሌክትሪክ እንፈትሸዋለን። ነገ እጅዎን ታጥበው ይምጡ፤ ቅባት እንዳይነካው» አለች።

በማግስቱ እጃቸው እንደ መስታወት ያበራል። ለፈተና የሚቀርብ እጅ ነጥቶ አይሄድም ብለው የፀጉር ቅባት እስከ ክርናቸው ተለቅልቀዋል። የመፈተሻ ማሽኑ ሽቦ ቆዳቸው ላይ አልጣበቅ አለ። ሐኪሟ በአልኮል ጠርጋ ጠርጋ ለጠፈችውና ኤሌክትሪኩን ለቀቀችው። አውራ ጣታቸው ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አሉ።

ቀጥላ ቀጭን መርፌ አውራ ጣታቸው ሥር ያለው ጡንቻ ላይ ሰካች። ያረፈ ጡንቻ ዝም ይላል፤ የእሳቸው ግን በማሽኑ ድምፅ ማጉያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጣጣ ጀመር።

«አባባ፣ እጅዎን ይልቀቁት።»

«ለቅቄዋለሁ።»

«ማሽኑ አለቀቁም ይላል።»

«ማሽኑ አርጅቷል፣ ልጄ።»

ለካ ጠንካራ ለመምሰል ጣታቸውን ገትረውት ኖሯል። ከተጋባን ጀምሮ እኔን ያቃተኝን ማሽኑ ባንድ ጊዜ አደረገው፤ አጋለጣቸው። ትከሻቸውን ያዝ አደረግኩና «በቃ፣ ያሳርፉት፤ ማንም አይወስድብዎትም» አልኳቸው። ያን ጊዜ ዝናቡ አባራ።

ሐኪሟ ጨርሳ መርፌውን ነቀለች። «ነርቩ የእጅ አንጓዎ ላይ ታንቋል እንጂ አልሞተም። በትንሽ ቀዶ ሕክምና እናላቅቀዋለን፤ መቀስዎን ይይዛሉ።»

«አላልኩም?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዓይናቸውን ጠራርገው ነው ወደ እኛ የዞሩት።

ዓይኔ ከታከመ ወዲህ ጠብታ የሚያደርጉልኝ እሳቸው ናቸው። በዚያች በማትታዘዝ እጃቸው አንዱ ጠብታ ግንባሬ ላይ፣ አንዱ ጉንጬ ላይ ያርፋል። «ገባ?» ይሉኛል። «ገባ» እላለሁ፤ ዘወር ሲሉ ራሴው አደርገዋለሁ። ያን ዕለት ማታም ጠብታው በአፍንጫዬ ላይ ወረደ። ጎንበስ ብለው ዓይኔን ሲያዩት ግን ቀድሞውኑ እርጥብ ነው።

«ዛሬስ በደንብ ገብቷል» አሉኝ።