የተኛን ለማየት መቀስቀስ

የተኛ ልጅ መተኛቱን፣ ሳይቀሰቅሱት እንዴት ነው የሚያውቁት? ባሌን ጠየቅኩ፣ አማቴን ጠየቅኩ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠየቅኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያሳርፍ መልስ አላገኘሁም። «ዝም ብሎ ከተጋደመ ተኝቷል» ይሉኛል። ዝም ብሎ መጋደም ስንት ዓይነት እንደሆነ ያላየ ሰው መልስ ነው። ከአሁኗ ልጄ ከረውዳ በፊት የነበረው ልጄም ዝም ብሎ ተጋድሞ ነበር። አማቴ «ዛሬስ አልሐምዱሊላህ፣ እንቅልፍ ወሰደው» ብለው ደጅ ወጡ። እሱን ከቀበርን ወዲህ የተኛ ልጅ ካየሁ ጣቴን አፍንጫው ሥር ሳላስጠጋ አላልፍም፤ የጎረቤት ልጅም ቢሆን። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ደግሞ በከተማችን በመካነ ሰላም ተቆጣጣሪ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነው። አምስቱ ይሠራሉ፣ አንዷ ትከታተላለች፣ የአንዷን ክትትል ደግሞ ሌላ ይከታተላል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም አዳራሽ ገብቶ ክትትሉን ይገመግማል። ገብሱ ደርሶ አጫጅ ይጠብቃል፤ አጫጆቹ ተቀምጠው የአጨዳው ዝግጅት እንዴት እንደነበር ይወያያሉ። የኔ ቡድን መሪ እትዬ ዘሐራ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን «ሕፃናት ቀን ቀን በቂ እንቅልፍ ያግኙ» የሚል ትምህርት ከተሰጠ ወዲህ አመሻሽ ላይ ለሪፖርት፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ለማረጋገጫ ይመጣሉ። በሩን በመዳፋቸው ይደበድቡና «አንቺ ልጅ! ረውዳን አስተኛሻት?» ይላሉ። አስተኝቻት ነበር።

የኔን ጉድ ከመቀጠሌ በፊት የባሌን ልንገራችሁ፤ የሰው ይቀላል።

እንድሪስ ከወረኢሉ በሚመጣው መንገድ ዳር የኮምፒውተር ማሠልጠኛና የጽሕፈት ሥራ ሱቅ ከፍቷል። እኛ የምንኖረው ከጀርባው ባለችው ክፍል ነው። አንዲት ትልቅ ማሽን አለችው፤ ሌሎቹ ስክሪኖች እንደ ጥጃ የሚጠቡት ከእሷ ነው። ሠልጣኞቹ በየፍላሻቸው ቫይረስ እያመጡ ቢያስቸግሩት ሊኑክስ የሚባለውን ጫነባት። ይኼ ሊኑክስ ማውስ ይዘው ከሚያሽከረክሩት ይልቅ በጽሑፍ ሲያዙት ደስ የሚለው ነገር ነው። እንድሪስ ጥቁር ስክሪን ከፍቶ «ቶፕ» ብሎ ይጽፍበታል። ወዲያው በማሽኗ ሆድ ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ እየተሰለፈ ይወጣል፤ ማን ምን ያህል እንደሚበላ፣ ማን እንደነቃ፣ ማን እንደተኛ፣ ብዙ የሚበላው ከላይ። ሞቶ ከዝርዝሩ ያልወጣም አለ። ይኼኛውን ቶሎ ነው የገባኝ፤ የኛም ቀበሌ እንደዚያ ያሉ ነዋሪዎች አሉት፣ በስብሰባ ቀን እጅ ያወጣሉ ይባላል።

ሰው ሚስቱን በሚያይበት ሰዓት እንድሪስ ያንን ስክሪን ያያል። «ማሽኗ ጤነኛ መሆኗን በምን ታውቃለህ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«አብዛኞቹ ተኝተው ሳይ» አለኝ። «ሥራ ሲመጣ ብቻ ነው የሚነሡት።»

ቅናት ያዘኝ። በዚያ ብረት ውስጥ ሁሉም ይተኛል፤ በዚህ ቤት የማትተኛው የኔ ልጅ ናት።

እውነቴን ነው፣ ረውዳ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ገና ጋደም ስትል ትነቃለች፣ ስትነቃ ትነጫነጫለች፣ ጡት ትይዝና መልሳ ትተፋለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሚዛኑ ላይ ሰቅላት ፊቷን አጠቆረች። «ቀንሳለች። በሚቀጥለው ደግሞ ከቀነሰች ሆስፒታል ነው የምልክሽ» አለችኝ። ያ ረቢ፣ ሁለተኛ ልጅ። አማቴ ጥርስ ነው አሉ፤ አንዷ ጎረቤት የሰው ዓይን ነው አለች፤ ዱዓ አስደረግን። እኔም ክትትሌን አጠበቅኩ። ጣት ብቻ መች ይበቃል? ጆሮዬን ደረቷ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን የእንድሪስ ማሽንም ታመመች። ሠልጣኞቹ አንድ ፊደል መትተው እስኪወጣ ድረስ ማዛጋት ያዙ። እንድሪስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በየሰከንዱ እየተነሣች ማሽኗ እንዴት እንደሆነች የምታጣራ ፕሮግራም ጻፈ። ማሽኗ ባሰባት። ያቺ ፕሮግራም ቆማ እንዳይሆን ብሎ ሠጋና እሷን የምትጠብቅ ሌላ ጻፈ፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል። ማሽኗ ጭራሽ ማቃሰት ጀመረች። ሦስተኛ አከለ።

መጨረሻው ላይ ደሴ ያስተማሩት መምህር ካሳ ለዘመድ ልቅሶ እዚሁ አካባቢ ወዳለችው ማሻ ሲያልፉ ጎራ አሉ። ወንበር ሳቡና ጥቁሩን ስክሪን አዩት። እኔ በጓዳው በር ቆሜ ነበር።

«እንድሪስ፣ ከላይ የተቀመጠችው፣ በየሰከንዱ የምትነሣዋ ምንድን ናት?»

«ክትትል ናት፣ መምህር።»

«ይቺኛዋስ?»

«ክትትሏ አለመቆሟን የምታይ።»

«ከሥሯ ያለችውስ?»

እንድሪስን ቀድሜ እኔ መለስኩ። «እሷ የቡድን መሪዋ ትሆናለች።»

መምህር ካሳ ሳቁ። ሲበቃቸው መነጽራቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ይቺን ማሽን ያደከማት ሥራ አይደለም፤ አንተ ‹እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነሽ› እያልክ ነው። ያንን እየመለሰች መች ትሥራ?» አሉት። ሦስቱን ፕሮግራሞች ተራ በተራ ገደሏቸው። ፊደሉ እንደ በቆሎ ቆሎ ይንጣጣ ጀመር።

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። የተማረ ሰው፣ ታማሚ ለመጠየቅ ሄዶ ታማሚውን የሚገድል። ስቄ ስቄ ስጨርስ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቆይ፣ ረውዳን አየት ላድርጋት» አልኩ።

ገባሁ። ጣቴን አስጠጋሁ። ትተነፍሳለች። ደግሞ ለማረጋገጥ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ዓይኗን ገልጣ ፀጉሬን ጨመደደችና አለቀሰችው። ታቅፌያት ወደ በሩ ስመለስ መምህር ካሳ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ጣራ ጣራ ያያሉ። እንድሪስ ግን እኔን ነው የሚያየው።

«አንቺስ» አለኝ፣ «በየስንት ሰከንዱ ነው?»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ ስምምነት አደረግን። ረውዳ ከተኛች፣ ራሷ ካልጠራችን ማንም አይገባም። ለእትዬ ዘሐራም እንድሪስ ሄዶ «እርስዎ አይድከሙ፣ ሪፖርቱን እኔ አመጣለሁ» አላቸው። አስተኛኋትና በሩን ገርበብ አድርጌ ሱቁ ውስጥ ከሠልጣኞቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እንድሪስ ዓይኔ ሥራ ያግኝ ብሎ ነው መሰለኝ ጥቁሩን ስክሪን ወደኔ አዞረልኝ። ሁሉም ተኝተዋል። ማንም ጣት አላስጠጋባቸውም፤ ማሽኗ ከውስጥ ታውቃቸዋለች። እኔስ ረውዳን ዘጠኝ ወር እንደዚያ አውቃት አልነበር? ከወጣች ወዲህ ነው የጠፋኝ።

ረውዳ አልነቃችም። ከወትሮው ሰዓቷ አለፈች፣ አልነቃችም። የወረኢሉ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፣ አልነቃችም። ከአግዳሚው ተነሣሁ፣ መልሼ ተቀመጥኩ።

«አብሽሪ» አለኝ እንድሪስ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ። «እንቅልፍ እኮ ነው።»

ጥቂት ቆየና «ወረቀት ላምጣ» ብሎ ተነሣ። ወረቀት ጓዳ ውስጥ አስቀምጠን አናውቅም። ቢጠበቅ አልመለስ አለ። በባዶ እግሬ ተከትዬው ገባሁ። እንድሪስ አልጋው ሥር ተንበርክኮ፣ ያንን ሁሉ ቁልፍ የሚመታ ጣቱን አፍንጫዋ ሥር አድርጎ፣ እሱ ራሱ ትንፋሹን ይዟል።

«አለች» አለኝ በሹክሹክታ።

እኔ እኮ ያኛውን ልጅ ለብቻዬ የቀበርኩት ነበር የሚመስለኝ።

ረውዳ ነቃች። ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን፤ እንደ ግምገማ አድርጋ አየችንና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ከዚያ ወዲህ ተሻሽለናል፣ ወላሂ። ደረት ላይ ጆሮ መለጠፍ ቀርቷል። በመጨረሻው ምዘና የሚዛኑ መርፌ ከፍ አለች፤ የጤና ኤክስቴንሽኗም «ምን ሰጠሻት?» አለችኝ። «ምንም፣ ተውናት» አልኳት። ተውናት ማለት፣ እኔ እንዳልገባ እንድሪስ ይጠብቀኛል፣ እንድሪስ እንዳይገባ እኔ እጠብቀዋለሁ። እትዬ ዘሐራ ደግሞ ይህን ሰምተው ተሞክሮው ለሌሎች ቡድኖች ይስፋፋ ብለው፣ አፈጻጸሙን ሊያዩ ሊመጡ ነው።

እና እናንተ፣ ልጅ አሳድጋችሁ ለወግ ያበቃችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ፤ እንዴት ነበር የምታውቁት? ለምክር ስትመጡ ግን አደራ፣ በሩን አትደብድቡ። ረውዳ ገና አሁን መተኛቷ ነው። የተኛች ይመስለኛል። ቆዩኝማ፣ እንድሪስ ደንበኛ ይዞ ሳለ አንዴ አየት ላድርጋት።