መስኮታችን ሲያልበው

እናንተ ቤትስ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ያልበዋል? የእኛ ይዘንባል ብል ይሻላል። ቤታችን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል። እማዬ የምትሸጠውን ድንች የምትቀቅለው እዚያው ነው። ድስቱ አይከደንም፣ መስኮቱ ደግሞ አይከፈትም። ለምን? ንፋስ ይመታናላ! እማዬ እኮ ታክሲ ውስጥ የማታውቀውን ሰው ተሻግራ መስኮት የምትዘጋ ሴት ናት። መስታወቱ ይንጠባጠባል፣ ግድግዳው ሻጋታ ያወጣል፣ ትንሹ ወንድሜ ናቲ ያስላል። እሷ ግን "ንፋስ ገብቶበት ነው" ትልና የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ትወትፋለች።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን መስኮት እወደው ነበር። ሰው ፊት መናገር እፈራለኋ! ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት እንኳን ድምፄ ይጠፋል። እማዬ ጎረቤት ወጣ ስትል ግን እንፋሎቱ ላይ በጣቴ እየጻፍኩ ለድንቹ አስተምራለሁ። ድንች አይስቅማ።

አንድ ቀን የፊዚክስ ቲቸር ፕረዘንቴሽን አዘዙን። ምን ላቅርብ? የማውቀው መስኮት ነው። ስሜ ሲጠራ ወጣሁ። እንፋሎት ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ውሃ ይሆናል አልኩ። ድስት ይከደን፣ እርጥብ ልብስ ውጪ ይሰጣ፣ ምግብ ሲበስል መስኮት ገርበብ ይበል አልኩ። አጨበጨቡ! ለእኔ! ቤት በርሬ ሄጄ ለእማዬ ሙሉውን ደገምኩላት። ናቲን አየችው። ጨርቁን አየችው። "ንፋስ ከመታን አንቺን ነው የምይዘው" ብላ ነቀለችው።

ሳምንትም አልቆየ፣ መስታወቱ ደረቀ። የናቲም ሳል ቀለል አለ። እኔ ግን ሰሌዳዬን አጣሁ። ይባስ ብሎ ቲቸር "ጎበዝ ስለሆንሽ ነገ ሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ፊት ትደግሚዋለሽ" አሉኝ። የጉብዝና ትርፉ ይሄ ነው? ማታ እራቴን ትቼ ደረቁን መስታወት ሳይ አመሸሁ። እማዬ ምን ሆነሻል ብትለኝ "የምለማመድበት የለኝም" አልኳት።

ጠዋት ስነሳ ናቲ የለም። እማዬ እንዳያስል ብላ ጎረቤታችን እትዬ ዘቢባ ጋ ወስዳዋለች። መስኮቱ ጥርቅም ብሏል፣ ድስቱ ያለክዳን ይንተከተካል፣ መስታወቱ ነጭ ሆኗል። እማዬ ድንቹን በሹካ እየወጋች "በይ አስተምሪን" አለችኝ።

"ማንን?"

"እኔንና ድንቹን ነዋ።"

ለካ ታውቅ ኖሯል! ጻፍኩ፣ አስረዳሁ። የመስኮት መክፈትን ጥቅም በተዘጋ መስኮት ላይ አስተማርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ እማዬ እጇን አወጣች። ፊቷ በላብ ርሷል።

"ቲቸር፣ ገብቶኛል። እባክሽ አሁን ክፈቺው፣ ታፈንን!"