በቴሌቪዥን አልሞትም ያሉ ሰዎች

ዳይሬክተሩ በልቦለዴ ውስጥ የገደልኳቸውን ሰባት ሰዎች በሙሉ ከሞት አስነሳብኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ይህች አስፈሪ ልቦለድ የመጀመሪያዬ ናት። አንዲት ሴት ሞታ መንፈስ ሆና ትመለስና ቤተሰቧን አንድ በአንድ ትጨርሳለች። ለቴሌቪዥን ፊልም እንሥራት ሲሉኝ ደስ አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ በስደት አገር፣ የፌርፋክስ ጎዳና ሐበሻ ሲተውን አይተህ ታውቃለህ? ሲሰርቅ ቅረጸው፣ ሚስቱን ሲያታልል ቅረጸው፣ ግድ የለውም። ሙት ስትለው ግን እናቱ ትዝ ትለዋለች።

«ጋሼ፣ ፊልሙ እኮ በሳተላይት አገር ቤት ይታያል!» አለችኝ መንፈሷን የምትጫወተው ልጅ። «እማዬ ሬሳዬን ካየች ድንኳን ታስጥላለች። ሶ፣ በጣም ልታመምና ይሻለኝ።»

«ካልሞትሽ በምን ሒሳብ መንፈስ ትሆኛለሽ?»

«ኦኬ፣ እዚሁ ጎረቤት ከተማ፣ በርባንክ ሰንብቼ ልመለስ።»

ዳይሬክተሩ እሺ አላት። ሌሎቹም ተከተሏት፤ የጻፍኩት መዓት በሙሉ ጉንፋን ሆኖ አረፈው። ስሜን ከፊልሙ አውጡልኝ ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌዎች ምግብ ቤት ውስጥ ሊያስታርቁን ተቀመጡ። እኔም፣ «ቢያንስ አንድ ሰው ይሙትልኝ» አልኩ።

ተመካከሩና ትልቁ ሽማግሌ ጠየቁኝ።

«አገር ቤት ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም።»

«እንግዲያው አንተው ሙታ!»

ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ከየት ይመጣል? ኢንግልዉድ፣ የአንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ተዘርሬ ሞትኩ። ተዋናዮቹ አምርረው አለቀሱልኝ፤ ዳይሬክተሩም ስሜን በትልቁ ጻፈ። ፊልሙ አገር ቤት ታየ። ደንግጦ የደወለልኝ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ። ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ፤ ጥር 21 ቀን 2007 ዓ.ም.።