ለአቶ አምሃ አምባዛ ለማጥመድ የመንጠቆ ማባበያ ስለ መምረጥ

የኡፕላንድስ ቬስቢ (ስዊድን) ኢትዮጵያውያን የበረዶ ላይ ዓሣ አጥማጆች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ የወይዘሮ ርብቃ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። የማኅበሩ አዳራሽ ለዳንስ ተማሪዎች ተሰጥቶ ስለተገኘ ወይዘሮ ርብቃ የማጠቢያ ተራቸውን ለኮሚቴው ለግሰዋል። ተራው በከንቱ እንዳያልፍ ግን ልብሳቸውን ማሽን ውስጥ ከተዋል።

ሰዓት፦ ጥሪው ለስምንት ሰዓት ነበር። ዶክተር ዕንባቆም በፈረንጅ ስምንት ሰዓት፣ ማለትም በማለዳ መጥተው፣ በር ተዘግቶባቸው በብርድ ተመልሰዋል። ቅሬታቸው እንዲመዘገብ ጠይቀዋል፤ ተመዝግቧል።

የተገኙ፦
አቶ ገብረ ወልድ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር
ዶክተር ዕንባቆም፣ አባል፣ ጡረተኛ የአፈር ተመራማሪ
አቶ እሸቱ፣ አባል፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ
ወይዘሮ ርብቃ፣ አባል፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ
ሸዋሉል፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የማትሰጥ

ያልተገኙ፦ አቶ አምሃ፣ አባል። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ተኝተዋል።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

1. የስብሰባው ምክንያት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት አቶ አምሃ የልብ ቀዶ ሕክምናቸው በደህና ቢያልቅም እህል በአፋቸው አልዞር ብሏል። ሐኪሞቹም በዚሁ ከቀጠሉ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ እንመግባቸዋለን ብለዋል። ሰብሳቢው ሐሙስ ዕለት ደውለው «ምን ይምጣልህ?» ሲሏቸው፣ አቶ አምሃ በደከመ ድምፅ «አምባዛ ባገኝ እቀምስ ነበር» ብለው መልሰዋል።

ወይዘሮ ርብቃ ያልገቡበት ሱቅ እንደሌለ፣ በየሄዱበት የሚሰጧቸው ሳልሞን ብቻ እንደሆነ ገለጹ። ስለዚህ አምባዛው ከሐይቁ በረዶ ሥር እንዲወጣ፣ ለዚህም ማባበያ እንዲመረጥ አጀንዳ ተያዘ።

2. አምባዛ ይበላል ወይስ አይበላም

ወይዘሮ ርብቃ አምባዛ ቅርፊት የሌለው ዓሣ በመሆኑ እንደማይበላ፣ አቶ አምሃ ደግሞ በደህናው ጊዜ ሽሪምፕ እንኳ ከሰሃናቸው ለቅመው የሚያወጡ ሰው በመሆናቸው ጥያቄው እንደገረማቸው ተናገሩ። አቶ እሸቱ እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ዝዋይ ዳር አምባዛ ሲበሉ እንዳደጉና ምንም እንዳልሆኑ አስረዱ። ዶክተር ዕንባቆም «ምንም» የሚለው ቃል ጥናት እንደሚያስፈልገው አስተያየት ሰጡ። አቶ እሸቱ ተነሡ። ሰብሳቢው አስቀመጧቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መብላቱ የበሽተኛውና የንስሐ አባታቸው ጉዳይ እንደሆነ፣ የኮሚቴው ሥራ ግን ዓሣውን ከውኃ ማውጣት ብቻ እንደሆነ ተወሰነ።

3. የማባበያ ምርጫ

አቶ እሸቱ የዶሮ ጉበት አቀረቡ። አምባዛ በአፍንጫው የሚኖር ዓሣ ስለሆነ የሚሸት ነገር ካላገኘ ንቅንቅ እንደማይል፣ ጉበቱም ሁለት ቀን የቤት ማሞቂያ ራዲያተር ሥር ቢቀመጥ ፍቱን እንደሚሆን አብራሩ። የማን ራዲያተር እንደሆነ ሲጠየቁ ጉዳዩ በኋላ ይታይ አሉ።

ወይዘሮ ርብቃ ተቃወሙ። ጾም ገብቷል፤ በጾም ጉበት ይዞ ሐይቅ ላይ መቀመጥ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ጥሩ መልእክት አይደለም። በምትኩ በነጭ ሽንኩርት የታሸ የሽሮ ሊጥ አቀረቡ። አቶ እሸቱ ጾሙ ለአጥማጁ እንጂ ለዓሣው እንዳልታዘዘ አመለከቱ። ወይዘሮ ርብቃም ጉበቱን መንጠቆው ላይ የሚሰካው ዓሣው ራሱ ከሆነ ተቃውሟቸውን እንደሚያነሡ አስታወቁ።

ዶክተር ዕንባቆም ሁለቱንም ሐሳቦች ከመነሻቸው ስሕተት ናቸው አሉ። የዚህ አገር ዓሣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ልክ እንደ ልጆቻችን፣ በሽሮ ብንጠራው ይሰማናል፣ መልስ የሚሰጠው ግን በስዊድንኛ ነው። ስለዚህ ከሱቅ የሚገዛ ቀይ ትል ይሻላል። ትሉ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥና ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ መሆኑን ሲጨምሩ፣ ባለቤታቸው ይህን ያውቁ እንደሆነ ጥያቄ ተነሣ። ዶክተሩ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ።

ሰብሳቢው ሊያስታርቁ ብለው ሱርስትሮሚንግ፣ ያን በቆርቆሮ የሚሸጥ የገማ ዓሣ፣ አቀረቡ። ናሙና ይዘው መምጣታቸውን ገልጸው ከቦርሳቸው አወጡ። ወይዘሮ ርብቃ ማሽኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸው እንዳለ በማስታወስ ቆርቆሮው ከተከፈተ ከኮሚቴው ብቻ ሳይሆን ከሕንፃውም እንደሚለቁ አስጠነቀቁ። ቆርቆሮው ሳይከፈት ወደ ቦርሳ ተመለሰ።

ድምፅ ተሰጠ። ጉበት አንድ፣ ሊጥ አንድ፣ ትል አንድ፣ ሱርስትሮሚንግ አንድ። ሰብሳቢው ለዚህ አጀንዳ ብቻ ለጸሐፊዋ ድምፅ እንዲሰጣት ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቀባይነት አገኘ። ጸሐፊዋ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ በረዶው ላይ አራት ጉድጓድ ይቆፈር፤ እያንዳንዱ አባል በየጉድጓዱ የራሱን ማባበያ ያውርድ፤ ጉበቱን የሚነካው ዶክተር ዕንባቆም ይሁኑ፤ ምክንያቱም እንደማይጾሙ ራሳቸው ተናግረዋል። ዶክተሩ የተናገሩት በምስጢር ነበር ብለው ቅሬታ አሰሙ። ተመዝግቧል።

4. የማጥመድ ፈቃድ

ፈቃዱን በስልካቸው እንዲገዙ የታዘዙት ወይዘሮ ርብቃ ለረጅም ጊዜ ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ። አምባዛ በዚህ አገር «ማል» እንደሚባል፣ ቁጥሩ በማነሱ በሕግ የተጠበቀ እንደሆነና ማጥመዱ ክልክል መሆኑን አስታወቁ።

አቶ እሸቱ ዓሣው በራሱ ፈቃድ ቢወጣስ ሕጉ ይመለከተዋል ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል እንዲመዘገብ የጠየቁት እሳቸው ሳይሆኑ ዶክተር ዕንባቆም ናቸው፦ «አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ ጠየቀኝ፤ እሱም ክልክል ሆነ።»

ለአቶ አምሃ ማን ይንገራቸው በሚለው ላይ እያንዳንዱ አባል ከራሱ የሚበልጥ አባል ጠቆመ። ዞሮ ዞሮ ሰብሳቢው ላይ ወደቀ። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩ የልብስ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተደወለ።

አቶ አምሃ አነሡ። ድምፃቸው ደካማ ነበር። ሰብሳቢው ሁኔታውን ከሕጉ ጀምረው በሰፊው አስረዱ።

አቶ አምሃ፦ «ምን ዓሣ?»

ሰብሳቢው፦ «አምባዛ ነዋ! ሐሙስ የጠየቅኸኝ።»

አቶ አምሃ፦ «አንተ ገብሬ! እኔ መቼ ዓሣ አልኩህ? አምባሻ ነው ያልኩህ። አምባሻ! የጆሮህን መሣሪያ ዛሬም ቻርጅ ላይ ትተኸው መጣህ?»

ሰብሳቢው ጆሯቸውን ነካ አድርገው መልስ ለመስጠት ጊዜ ጠየቁ። ወይዘሮ ርብቃ ከመጀመሪያው ገርሟቸው እንደነበር አስታወሱ። ሰብሳቢው ማስታወሳቸውን አልተቃወሙም።

አቶ አምሃ ቀጥለው፣ ለመሆኑ አምባዛውን በምን ልታጠምዱት ነበር ሲሉ ጠየቁ። አቶ እሸቱ ስለ ጉበቱ ለማስረዳት ተነሡ። ወይዘሮ ርብቃ አቋረጧቸው። ዶክተር ዕንባቆም የሁለቱንም ስሕተት ከመነሻው ለማሳየት ጠየቁ፤ ሳይፈቀድላቸው ጀመሩ። ክርክሩ በአጀንዳ 3 ከተመዘገበው ጋር ተመሳሳይ በመሆኑ በድጋሚ አልተጻፈም፤ ልዩነቱ ድምፁ ከፍ ማለቱና የራዲያተሩ ባለቤት ሰብሳቢው ሆነው መገኘታቸው ብቻ ነው። ከስልኩ በየመሃሉ ሳቅ፣ ከሳቁም በኋላ «ደረቴን፣ ደረቴን፤ አታስቁኝ» የሚል ቃል ይሰማ ነበር። ክርክሩ አልቆመም።

በዚህ መካከል የሴት ድምፅ በስዊድንኛ ይቅርታ ጠየቀ። ነርሷ ነበረች። ወይዘሮ ርብቃ እንደተረጎሙት፣ የምንከራከርበት ጉዳይ ምን እንደሆነ ባታውቅም እባካችሁ አታቋርጡ ብላለች፤ በሽተኛው እየሰሙ ሾርባቸውን ጨርሰው አሁን ዳቦውን ይዘዋል።

ሰብሳቢው ይህ እንዲመዘገብ አዘዙ። ተመዝግቧል። እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ተነበበ። ድጋሚ እንዲነበብ ጠየቁ። ዶክተር ዕንባቆም መነጽራቸውን በነጠላው ጫፍ ጠረጉ፤ ነጠላው ከማሽኑ የወጣ እርጥብ የወይዘሮ ርብቃ ነጠላ ነበር፤ ወይዘሮ ርብቃ ሌላውን ጫፍ አቀበሏቸው።

5. የመጨረሻ ውሳኔ

በዛሬው ስብሰባ የተላለፉ ውሳኔዎች በሙሉ፣ ጉድጓዶቹም፣ ጉበቱም፣ ሊጡም፣ ትሉም ጭምር ተሽረዋል። በምትኩ ነገ አምባሻ ይወሰዳል። ይህን የጾም አምባሻ ማን ይጋግር በሚለው ላይ አቶ እሸቱና ወይዘሮ ርብቃ ሁለት ልዩ ልዩ አምባሻ ለማቅረብ ተስማምተዋል፤ ይህ በዕለቱ በሁለቱ መካከል የታየ ብቸኛ ስምምነት ነው። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አቶ አምሃም በስልክ ድምፃቸውን ሰጥተዋል፤ ሆኖም እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ጉበቱን ይመርጡ እንደነበር በልዩነት እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል።

ከአቶ እሸቱ በቀር ሁሉም ተቃወሙ።

ባለተራዋ ጎረቤት የልብስ ቅርጫቷን ይዛ በር ላይ በመቆሟ ስብሰባው በአሥር ሰዓት ተዘጋ። ስልኩ ግን አልተዘጋም፤ አባላቱ እየተከራከሩ ደረጃውን ይዘውት ወጥተዋል።

ሸዋሉል፣ ጸሐፊ