የጋኑ ትኬት

እኛ ሰዎች ቁጭ ባልንበት ምንም የለንም። ውሸትህን ነው የሚለኝ ካለ ራሱን ይመርምር። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ምንም የለንም፤ ዘመድ ሊበደር ሲመጣ ምንም የለንም፤ ዕድሩ ተጨማሪ መዋጮ ሲጠይቅማ ያለንም ነገር ዓይናችን እያየ ይጠፋብናል። ቤት ልንቀይር የተነሳን ዕለት ግን ጉዳችን ይወጣል። ከአልጋ ሥር ሦስት ሳፋ ይጎተታል። ከቁምሳጥኑ ጀርባ የተቃጠለ ቴፕ ይወጣል፤ ከቴፑ ጀርባ ደግሞ ቴፑ ከተቃጠለ በኋላ ለቴፑ የተገዛ ድምፅ ማጉያ ይወጣል። እኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ከአንዱ ሰፈር ወደ ቀጣዩ ሰፈር፣ ያውም ቢጣሩ በሚሰማበት ርቀት፣ ስዛወር አንድ ጋሪ ይበቃኛል ብዬ ጋሪውን አምስት ጊዜ አመላልሻለሁ። ጋሪ ነጂው በአምስተኛው ላይ ላቡን ጠረገና "ጋሼ፣ ለመሆኑ ስንት አባወራ ነበራችሁ?" አለኝ። እኔና ሚስቴ ብቻ ነበርን።

ይህ እንግዲህ ለጋሪ መንገድ ነው። ባሕር ተሻግሮ ለሚሄድ ሰውስ? ዛሬ የማጫውታችሁ እሱን ነው። ወሬውን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ነው።

አክስቴ ወይዘሮ የውብዳር ቡሬ ነው የሚኖሩት። ሁለት ትልልቅ ጋኖች አሏቸው። ጋን ስላችሁ እንደ ዘበት አትለፉት፤ አንደኛው ከወገቤ በላይ ይደርሳል፤ ሆዱን ለማቀፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ቡሬ ላይ የተዳረ ሰው ሁሉ በእሳቸው ጋን ተድሯል ብል ብዙ አላጋነንሁም፤ ትንሽ አጋንኛለሁ። ድግስ ያለበት ሁሉ መጥቶ ይዋሳል፤ ሲመልስ ግን ባዶውን አይመልስም። በአክስቴ ደጅ ዕቃ ባዶውን አይወጣም፣ ባዶውንም አይገባም። ሰፌዱ ከነቆሎው፣ እንስራው ከነጌሾው፣ ሌላው ቢቀር አገልግሉ ከአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ጋር ይመለሳል። አንዲት ሙሽራ ማሰሮ ባዶውን መልሳ ነበር አሉ፤ ይኸው ልጆቿ ትምህርት ቤት ገብተው እንኳ የእሷ ወሬ አላቆመም።

አንድ ልጃቸው ይበልጣል ካናዳ ከገባ ቆይቷል። እዚያው ካናዳ፣ አዲስ አበባ ያደገች ሄለን የምትባል ልጅ አገባ፤ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅም አለቻቸው። አክስቴ የልጅ ልጃቸውን የሚያውቋት በስልክ ነው። ልጅቷ ስልኩን ስትስም አክስቴም በዚህ በኩል ስልኩን ይስማሉ፤ ሁለቱ ሲሳሳሙ መስተዋቱ በምራቅ ይርስና ለእኛ ለቀረነው የሚታየን ነገር የለም። በመጨረሻ ወረቀታቸው አለቀ። አክስቴ ጠቅልለው ሊሄዱ ሆነ። እልል ተባለ፣ ተጨፈረ። እልልታው ሲበርድ አክስቴ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

"ዕቃዬስ?"

"እማዬ ደግሞ! ዕቃ ምን ያደርግልሻል? እዚህ ሁሉም ነገር ሞልቷል" አለ ይበልጣል በስልክ።

ስልኩ ሲዘጋ አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰማኸው ደሴ? ሞልቷል አለኝ። የማን ነው የሞላው? የሚስቱ ነው። ድስት ላንሳ ብል 'እማማ ይቀመጡ' ልባል ነው። ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያ ስከፍት እንደ ሌባ ልሸማቀቅ ነው። ዕቃዬ ከሌለ እኔ እዚያ ቤት እንግዳ ነኝ። እንግድነት ሦስት ቀን እችላለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ግን አልችልም። ጋኔ ካልሄደ እኔም አልሄድም!" ካሉ በኋላ ድምፃቸው ዝቅ አለና "ልጅቱንም እንደ ለመድሁት በስልክ እስማታለሁ" አሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገሩ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

ሴትዮዋ ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ይበልጣል ሦስት ቀን ለምኖ፣ በአራተኛው ቀን ተሸንፎ "በሉ ዋጋውን አጣሩልኝ፤ እኔ እከፍላለሁ" አለ። የሚያጣራው ማን ነው? እኔ ነኛ! በዘመዶቻችን መካከል ፎርም የምሞላው፣ ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ የተማርሁ እመስላቸዋለሁ። እንግሊዝኛዬም ጥሩ ነው። ማለቴ እስከ መጀመሪያው ገጽ ድረስ ጥሩ ነው።

አዲስ አበባ አንድ ዕቃ ላኪ ቢሮ ደወልሁ። ድምፅዋ ማር የሆነ ልጅ አነሳችና የእያንዳንዱን ዕቃ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እንድልክላት ነገረችኝ። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ቡሬ ሄድሁ። የጋኑን ሆድ በሜትር ስጠመጥም ጎረቤታቸው ወይዘሮ እንጉዳይ በር ላይ ቆመው አዩኝና "ምን፣ ቀሚስ ልታሰፋለት ነው?" አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ። ጋኑ ተለካ፣ እንስራው ተለካ፣ መሶቡ፣ ሳፋው፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ ተለካ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌም ቁመታቸውን አስለክተው ሄዱ።

በማግስቱ ዋጋው በስልኬ መጣ። ቁጥሩን ሳየው የሌላ ቢሮ ስልክ የላከችልኝ መስሎኝ ልደውልበት ነበር። ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ የመጀመሪያ ገጽ አነበብሁ። ነገሩ ገባኝ። ሰዎቹ የሚያስከፍሉት ዕቃው በሚይዘው ቦታ ነው።

"አክስቴ፣ ይስሙኝ" አልሁ፤ "እነዚህ ሰዎች ባዶውን ነው የሚያስከፍሉን።"

"የምን ባዶ?"

"በጋኑ ሆድ ውስጥ ያለውን አየር።"

"ኧረ ወዲያ! የቡሬን አየር ለካናዳ ሰው የምሰጠው እኔ፣ የምከፍለውም እኔ?"

ይኼኔ ነው እንግዲህ እኔ ብልጥ የሆንሁት። እናንተዬ፣ ብልጥ የሆናችሁ ሲመስላችሁ እባካችሁ ቁጭ በሉና ትንሽ ውኃ ጠጡ። እኔ አልጠጣሁም። ከወንበሬ ብድግ ብዬ "ቦታውን ከከፈልን እኮ ውስጡ የሚገባው ነፃ ነው!" ብዬ አወጅሁ።

አክስቴ ዓይናቸው በራ። "አልሁህ እኮ! ባዶ ዕቃ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም፤ ካናዳም ባዶውን አይገባም!"

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ወይዘሮ እንጉዳይ በርበሬ ይዘው መጡ፤ ትልቁ ጋን እስካፉ ጢም አለ። ሁለተኛው ጋን ዳጉሳ ዋጠ። በአዊ በኩል ዘመድ ያላቸው አቶ ፈንታ ማሰሮውን ማር ሞሉት። እንስራው ሽሮ፣ መሶቡ አተር፣ የቡፌው መሳቢያ ነጭ ሽንኩርት ሆነ። ብርጭቆዎቹ እንኳ ምን በወጣቸው ተብሎ እያንዳንዳቸው ጥቁር አዝሙድ ተጨመረባቸው። ከግሽ ዓባይ የተመለሱ አንዲት እናት ደግሞ "ለብርዱ ይሆናቸዋል" ብለው አንድ ጀሪካን ጸበል አመጡ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ይሞላል፣ ይጠቀጥቃል፤ እኔ መሐል ቆሜ ቦታ አሳያለሁ። ማርና በርበሬ ካናዳ ይገባል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እሱ ለካ ሦስተኛው ገጽ ላይ ኖሯል።

ማታውን ለዚያች ማር ድምፅ ደውዬ ዕቃው ተሞልቶ መዘጋጀቱን በኩራት ነገርኋት።

"በጣም ጥሩ። ክብደቱንም ይላኩልኝ" አለች።

"ክብደቱ ምን ያደርግልሻል?"

"ጋሼ፣ ከቦታውና ከክብደቱ የሚበልጠውን እኮ ነው የምናስከፍለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።"

ሁለተኛ ገጽ የሚባል ነገር የፈጠረ ሰው ምን አደረግነው? ቁም ነገሩ ሁሉ እዚያ ከሆነ ለምን ከእሱ አይጀምሩም?

በማግስቱ ጠዋት ዕቃው በጋሪ ተጭኖ አንድ በርበሬ ነጋዴ ዘንድ፣ ጆንያ ወደሚመዘንበት ባስኩል ተወሰደ። በቀደም እኔ ብቻዬን ያዞርሁት ጋን ለአራት ጎረምሳ አልነቃነቅ አለ። ሰፈሩ ሠርግ ያጀበ ይመስል ከኋላ ተከትሎናል። ነጋዴው እየመዘነ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጽፌ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። አነበብሁት፤ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብሁት። የፊተኛው ዋጋ ለካ ስጦታ ነበር! ይበልጣልን ደውዬ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"ደሴ፣ አብደሃል እንዴ?" ብሎ ጮኸ። "በዚህ ዋጋ እኮ ጋኑ ትኬት ተቆርጦለት እንደ ሰው ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይረክሳል!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ "መስኮት አጠገብ ይሁንለት" አለ። ሌላው "ቀበቶው አይደርስለትም" አለ። አቶ ፈንታ ረጋ ብለው "ምሳም ይሰጡታል እኮ" ሲሉ ነጋዴው ሆዱን ይዞ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተደፋ።

ያልሳቁት አክስቴ ብቻ ነበሩ። ጋኑን ያያሉ፣ ስልኩን ያያሉ። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ሴትዮዋ አልሄድም ካሉ በቃ አይሄዱም፤ ይህን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። በስልኩ ውስጥ፣ ከይበልጣል ኋላ፣ የሕፃኗ ድምፅ ይሰማል።

"አውርዱት" አሉ አክስቴ። ጋኑ ወረደ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ባስኩሉ ላይ ወጥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። "መዝነኝ።"

ነጋዴው ግራ ገብቶት መዘነ። "አርባ ስምንት ኪሎ ነዎት።"

"ከነጋቢዬ?"

"ከነጋቢዎ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲያ የእኔ ትኬት ከዚህ ጋን ያንሳል ማለት ነው?"

"በጣም ያንሳል እንጂ አክስቴ" አልሁ እየፈራሁ።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልደግፋቸው ስጠጋ ሳቃቸው ፈነዳ። ባስኩሉ ላይ እንደቆሙ ሲስቁ የባስኩሉ ዘንግ ከእሳቸው ጋር ሽቅብ ቁልቁል ይላል። "ተውት በሉ! ከዕቃዬ ሁሉ የምረክሰው እኔ ነኝና እኔው ልሂድ!" ከዚያ ሳቁን ሳይጨርሱ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። "እንግዳም ከሆንሁ ልሁን። ልጅቱን ልቀፋት።" አለቀስሁ። የበርበሬው ብናኝ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ ሰው ሁሉ ያንኑ እየዋሸ ስለነበር ማንም አልተከራከረኝም።

ዕቃው ታደለ። ግን ሁሉም ሙሉ ነበር፤ ወይዘሮ እንጉዳይ ጋኑን ከነገዛ በርበሬያቸው ሲቀበሉ "ይህማ ነውር ነው" ብለው ግማሹን ለአቶ ፈንታ ላኩ፤ አቶ ፈንታ በዚያው ዕቃ ማር መለሱ፤ እንዲህ ሲመላለስ የማን እህል የማን ቤት እንዳደረ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ለእኔ ቡፌው ደረሰኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ነጭ ሽንኩርት እየላጣችሁ ነው?" ይለናል።

አክስቴ ልብሳቸውን በሁለት ሻንጣ ይዘው ሄዱ። ከወራት በኋላ ደወልሁላቸው። ያን ሁሉ የበርበሬና የማር ድግስ ካስደገስኋቸው በኋላ ባዶ እጃቸውን ስለሸኘኋቸው ይቀየሙኛል ብዬ ሰግቼ ነበር።

"እንግድነቱ እንዴት ነው አክስቴ?"

"የምን እንግድነት? አንድ ሳምንት ተቀመጥሁላቸው። 'እማማ ይረፉ፣ እማማ አይነሱ።' እሺ አልሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ሲሄዱልኝ ልጅቱን አዝዬ መሳቢያውን ከፈትሁት። ምን ላውራህ ደሴ! ክዳኑ ከድስቱ ተለያይቷል፤ በየቀኑ የሚፈለገው ዕቃ ጣሪያ ጋ ተሰቅሏል፣ በዓመት አንዴ የሚፈለገው እግር ሥር ተወትፏል። አንድም ሳላስቀር አውጥቼ እንደገና ደረደርሁታ!"

"ሄለንስ አልከፋትም?" ብዬ ሳልጨርስ ከወዲያ በኩል የራሷ የሄለን ድምፅ በስልኩ ገባ። "እማማ! ጨዉን የት ነው ያደረጉት?"

"ተይው የኔ ልጅ፣ አትድከሚ፣ አንቺ አታገኚውም! መጣሁ!" ብለው ጮኹ አክስቴ፤ ድግስ ቤት ሴቶቹን የሚያዙበት ድምፅ ራሱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው፣ "በል ደህና ሁን ደሴ፤ ቤቴ ሥራ በዝቶብኛል" አሉና ዘጉት።